ወደ ቤት ወይስ ወደ ብሔር?

ጋሼና ሰናይት የሚኖሩት በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። ከተማዋ ከ1990ዎቹ የቦስኒያ ጦርነት የሸሹ አሥር ሺዎች የሰፈሩባት፣ በአሜሪካ ትልቁ የቦስኒያ ማኅበረሰብ የሚገኝባት ናት። ጋሼ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው፣ ገዳሪፍ ኖረው፣ ከዚያ አሜሪካ የመጡ የቀድሞ የታሪክ መምህር ናቸው። ሰናይት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሥራዋ ስደተኛ አረጋውያንን መርዳት ስለሆነ ከቦስኒያዎቹ ጋር ብዙ ጊዜ ታሳልፋለች። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ ሰናይት፣ እሑድ ዕለት የተናገርሽው ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። አገርን መውደድ ሌላ፣ ወደ አገር መመለስ ሌላ ነው አልሽ። አልተዋጠልኝም። ጦርነቱ ካበቃ፣ መንገዱ ከተከፈተ፣ አገሩን የሚወድ ሰው ምን ይጠብቃል?

ሰናይት፦ ጋሼ፣ እኔን ወደዚያ ሐሳብ የወሰዱኝ ቦስኒያዎቹ ናቸው፤ ከነሱ ልጀምርልዎት። በ1991 አገሪቱ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። ጦርነቱ በሚያዝያ 1992 ጀምሮ በ1995 መጨረሻ ሲቆም መቶ ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፤ 2.2 ሚሊዮኑ፣ የሕዝቡ ግማሽ ማለት ነው፣ ከቤቱ ተነቅሏል። ከዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ድንበር ተሻግሮ ጀርመን፣ ክሮኤሺያ፣ ኦስትሪያ፣ ስዊድን ገባ። የሰላም ስምምነቱ ላይ የደረሱት እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ ነው፤ ፊርማው በታኅሣሥ 1995 ፓሪስ ላይ ተፈጸመ። የስምምነቱ ሰባተኛ አባሪ ስደተኛና ተፈናቃይ ሁሉ ወደ ቀድሞ ቤቱ በነፃነት የመመለስ መብት አለው፣ የተወሰደበት ንብረትም ይመለስለታል ይላል። ሰው የአገሩን ድንበር እንዲሻገር ብቻ ሳይሆን፣ የገዛ ቤቱ ደፍ ላይ እንዲቆም ነው መብት የሰጠው።

ጋሼ፦ እዚያው ስምምነት ላይ ግን አገሪቱን ለሁለት ከፍለዋታል። 51 በመቶው ቦስኒያኮች ለሚባሉት ሙስሊሞችና ለክሮአቶች ፌዴሬሽን፣ 49 በመቶው ለሰርቦች ሪፐብሊክ። አንድ ወረቀት እንዴት ሁለቱን ይላል?

ሰናይት፦ የኔም ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ሰውን በብሔሩ መደበው፤ አባሪው ደግሞ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ፕሪዬዶር የተወለደ ሙስሊም ቤቱ በሰርቦቹ በኩል ቀረ። ወገኖቹ የሚያስተዳድሩት ሌላኛውን ክፍል ነው። ይህን ሰው «ወደ አገርህ ተመለስ» ሲሉት ወዴት ይሂድ?

ጋሼ፦ አገሩ አንድ ነው እንጂ። ፓስፖርቱም አንድ ነው።

ሰናይት፦ ፓስፖርቱ አንድ ነው። ግን በ1996 መጀመሪያ ሳራዬቮ ዙሪያ የሆነውን ያስታውሱ። ስምምነቱ በሰርብ ጦር እጅ የነበሩትን የከተማዋን ዳርቻዎች፣ ግርባቪጻን፣ ኢሊጃን፣ ቮጎሽቻን፣ ኢሊያሽን፣ ለፌዴሬሽኑ አስረከበ። እዚያ የነበሩት ሰርቦች ብዙዎቹ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ ጦርነቱም አልቋል። የራሳቸው መሪዎች ግን ውጡ አሏቸው። አንወጣም ያለው ዛቻ ደረሰበት፤ ለሌላ እንዳይቀር ተብሎ ቤት በእሳት ጋየ። በጥቂት ሳምንታት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ለቀቀ። መቃብር ቆፍሮ የልጁን አፅም አውጥቶ በጭነት መኪና ይዞ የሄደም አለ። ከነዚህ ብዙዎቹ የገቡት የት መሰለዎት? ስሬብሬኒጻ፣ ብራቱናጽ፣ ዝቮርኒክ፤ ሙስሊሞቹ ተገድለውና ተባርረው ባዶ በቀሩ ቤቶች ውስጥ። ይህ ሁሉ የተደረገው በብሔር ስም ነው። ሰውን ከቤቱ ያወጣው ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ጥይቱ ከቆመ በኋላ «ወገንህ ወዳለበት ሂድ» የሚለው ጥሪም አወጣው።

ጋሼ፦ አፅም ይዘው መሄዳቸው... እኛም አፅም እናፈልሳለን። እዚህ የሞተውን ሰው መዋጮ አሰባስበን ሬሳውን አዲስ አበባ እንልካለን። ግን እኛ ወደ ተወለደበት ነው የምንልከው። እነሱ ሙታኑን ከተወለዱበት አውጥተው ነው ወደማያውቁት ቦታ የወሰዷቸው። ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ልብ ይሰብራል።

ሰናይት፦ ለዚህ ነው የብሔር ስሜት ሰውን ወደ ቤቱ ይመልሳል ሲባል የማልቀበለው። ቦስኒያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያራቀው እሱ ነው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ እኔም የማውቀው ነገር አለኝ። ፋብሪካ አብሮኝ የሠራ የኮዛራጽ ሰው ነበር። ኮዛራጽ ከፕሪዬዶር አጠገብ፣ ከኮዛራ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች ነበሩ። በግንቦት 1992 ከበቧት፣ በመድፍ መቷት፣ ሰዉን ኦማርስካ፣ ከራተርም፣ ትርኖፖልዬ ወደሚባሉ ማጎሪያዎች ነዱት። ያው ወር ሲያልቅ ፕሪዬዶር ላይ ሰርብ ያልሆነ ሁሉ ቤቱ ላይ ነጭ ጨርቅ እንዲሰቅል፣ ሲወጣ ክንዱ ላይ ነጭ ሻሽ እንዲያስር ታዘዘ። ከዚያ የሙስሊሙን ቤት አንድ በአንድ አፈረሱት፤ የሰርቡ ቤት ግን በመካከል ሳይነካ ቆሞ ቀረ። እንግዲህ ንገሪኝ፤ ይህ ሁሉ በደረሰበት ቦታ፣ ያደረጉት ሰዎች ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ተመልሶ ሣር የበቀለበትን መሠረት የሚጠርግ ሰው ምን ይዞት ነው? በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመለሱ። መስጊዳቸውን መልሰው ሠሩ፣ ቤቱን ሠሩ፣ ዛሬ በየበጋው ከስዊድን፣ ከኦስትሪያ፣ ከዚህም ልጆቻቸውን ይዘው ስለሚሄዱ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል ይለኝ ነበር። ይህ ማንነት ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰናይት፦ እውነት ነው ጋሼ፣ ኮዛራጽ ቦስኒያ ውስጥ ከታዩት መመለሶች ሁሉ የሚያስደንቀው ነው። ግን ከመመለሳቸው በፊት የት እንደነበሩ ነግሮዎታል?

ጋሼ፦ ሳንስኪ ሞስት። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል የቦስኒያ ጦር የያዛት ከተማ ናት፤ ከፕሪዬዶር ሩቅ አይደለችም። ከውጭም ከውስጥም የፕሪዬዶር ሰው የተሰበሰበው እዚያ ነው።

ሰናይት፦ ሳንስኪ ሞስት ፖሊሱ የነሱ፣ ከንቲባው የነሱ፣ መስጊዱ የነሱ ነበር። የፈለጉት በወገኖቻቸው መካከል መኖርን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተሟልቶላቸዋል። እነሱ ግን ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን፣ ሌላው ብሔር የሚገዛውን፣ ቤታቸው አመድ የሆነበትን መረጡ። የኮዛራጽ ሰው የአያቱ የፕሪም ዛፍ ያለበትን ግቢ ብሎ ነው የሄደው። በካርታው ብቻ ቢመራ ኖሮ እዚያው ሳንስኪ ሞስት ይቀር ነበር።

ጋሼ፦ አንቺ ቤትንና ማንነትን ሁለት ቦታ አስቀመጥሻቸው። ለዚያ ሰው ግን አልተለያዩለትም። ቤቱ የተቃጠለው በስሙ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጣሪያ ሲያለብስ ዝናብ ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ «ልታጠፉኝ ነበር፣ አልጠፋሁም» እያለ ነው። ነጭ ሻሽ ያሠሩት ሰው በዚያው መንገድ ላይ ስሙን ይዞ ሲሄድ ሊያዩት ይገባል። ይህ ባይኖር የፕሪም ዛፉማ ኦስትሪያም ይበቅላል።

ሰናይት፦ ይህን አልክድም። የኮዛራጽ ሰው በተገፋበት ስሙ ነው የቆመው። ግን ማንነት ስንል ሁለት ነገር እያልን ይመስለኛል። አንዱ ፖለቲከኛው የሚያውቀው ነው፤ ተቆጥሮ፣ ተሰብስቦ፣ አንድ ቦታ ተከማችቶ ድምፅ የሚሰጥ ብሔር። ሌላው ያ ሰው የሚያውቀው ነው፤ የዚህ ሸለቆ ሰው፣ የእገሌ ልጅ፣ የዚህን መስጊድ አዛን እየሰማሁ ያደግሁ የሚለው። የመጀመሪያው ሳንስኪ ሞስት ላይ ቢቀር ደስ ይለዋል። የመለሰው ሁለተኛው ነው።

ጋሼ፦ ሁለተኛውን ማንነት ካልሽ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ሰናይት፦ ታዲያ ተስማማን። ግን ስሜቱ ብቻ እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመኪና ታርጋ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ታርጋ ነበረው። መኪናህ ሲታይ ሙስሊም፣ ሰርብ ወይም ክሮአት መሆንህ ይታወቃል። የራስህን ክፍል ድንበር ካለፍህ ትቆማለህ፣ ትደበደባለህ፣ መኪናው ይሰበራል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ1996 በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚመላለሱ አውቶቡሶች አቆመ፤ ሰው ቤቱን አይቶ ይመለስ ዘንድ። በ1998 ደግሞ የዴይተንን ስምምነት አፈጻጸም የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ከፍተኛ ተወካይ አንድ ዓይነት ታርጋ ለሁሉም እንዲሆን አስገደደ። ላቲንና ሲሪሊክ በሁለቱም አንድ መልክ ያላቸው ፊደላት ብቻ እንዲጻፉበት ተደረገ፤ ከታርጋው የማንም ብሔር እንዳይነበብ። ያኔ ነው እንቅስቃሴው የተከፈተው። ሰዉ በብዛት ወደ ቤቱ መሄድ የጀመረው መኪናው ብሔሩን መናገር ሲያቆም ነው።

ጋሼ፦ ይህን አላውቅም ነበር። ያሳዝናልም፣ ያስደስታልም። አገር እየተባለ የተሰበከለት ሁሉ ያላደረገውን ታርጋ አደረገው።

ሰናይት፦ ቀጥሎ ቤቱ ራሱ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ሁሉም ወገን የወጣውን ሰው ቤት «የተተወ» ብሎ ለሌላ ሰጥቷል። የገባውም ብዙውን ጊዜ ራሱ ከሌላ ቦታ የተባረረ ነው። ሰርቧ ከሳራዬቮ ወጥታ የሙስሊሙ ቤት ውስጥ፣ ሙስሊሙ ከምሥራቅ ወጥቶ የሰርቧ ቤት ውስጥ። አንዱን ለመመለስ ሌላውን ማንሳት ግድ ይላል። የየከተማው ባለሥልጣን ደግሞ አይፈልግም፤ ወገኔን አስወጥቼ የሌላውን ወገን አላስገባም ይላል። በ1999 ከፍተኛ ተወካዩ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ሕግ በግድ አወጣ፤ እንቢ ያሉ ከንቲባዎችንና የቤት ኃላፊዎችን ከሥራ አባረረ። ጥያቄው በብሔር ሳይሆን በቀኑ ቅደም ተከተል እንዲታይ ተደረገ። ከ200 ሺህ በላይ የቤት ይመለስልኝ ጥያቄ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ90 በመቶ በላዩ ተፈጸመ። በመስከረም 2004 የስደተኞች ኮሚሽኑ አንድ ሚሊዮንኛው ተመላሽ ገባ ብሎ አስታወቀ። ከነዚያ ከ400 ሺህ በላይ የሚሆኑት የተመለሱት ሌላው ብሔር ወደሚበዛበት አካባቢ ነው።

ጋሼ፦ ታዲያ ተሳካ ማለት ነው።

ሰናይት፦ የቤት ቁልፉ ተሳካ። ቤቱን ያገኘው ሰው ግን ብዙው ሸጠው፣ ወይም ለወጠው፤ በገንዘቡ ወገኑ የሚበዛበት ከተማ ሌላ ገዛ። በ2013 ሕዝብ ሲቆጠር 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ብቻ ተገኘ። ስሬብሬኒጻ በ1991 ከ36 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረባት ወረዳ ናት፤ በዚያ ቆጠራ 13 ሺህ ገደማ ነበር።

ጋሼ፦ ስሬብሬኒጻማ ሌላ ነው። በሐምሌ 1995 ከስምንት ሺህ በላይ ወንድ የተጨፈጨፈበት ቦታ! ማን ይመለሳል?

ሰናይት፦ ሴቶቹ ተመለሱ፤ ከ2000 ጀምሮ፣ በጣም ጥቂት። ባል የላቸው፣ ወንድ ልጅ የላቸው። ከነሱ ጋር እዚህ ከተማ ስልክ የሚደዋወሉ ዘመዶቻቸውን አውቃለሁ። «ለምን ተመለሰች?» ብዬ ስጠይቅ ማንም ስለ ቦስኒያ አልነገረኝም። የልጇ አፅም ከጅምላ መቃብር ሲገኝ ስሬብሬኒጻ አጠገብ ባለው ፖቶቻሪ ይቀበራል፤ እሱ አጠገብ መሆን ስለምትፈልግ ነው ይሉኛል። እዚያ መቀበር የተጀመረው በ2003 ነው፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ሐምሌ 11 የተገኙት ይቀበራሉ። ፖለቲከኛው ደግሞ በዚያች እናት መመለስ ይኮራል። እሷ ግን ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት፤ መብራት፣ መንገድ፣ ሐኪም አይመጣላትም።

ጋሼ፦ ከዚያች እናት በላይ አገር የሚወድ የለም። ባትለውም።

ሰናይት፦ ሴንት ሉዊስ የቀረችው እህቷስ? አልወደደችም?

ጋሼ፦ እሱን ነው ያነሳሽብኝ። እንግዲህ ስለ ራሴ ልንገርሽ፤ ካልጠየቅሽኝ እንደማላነሳው ታውቂያለሽና። በ1991 ደርግ ወደቀ ሲባል እዚህ ቤት ውስጥ አልቅሰናል፣ ጨፍረናል። ጓደኞቼ አንዳንዶቹ በወራት ውስጥ ዕቃቸውን አስረው ሄዱ። እኔ አልሄድኩም። ሰዎች አሜሪካ ጥሞት ነው አሉ። እውነቱ ግን እኔ የማውቃት ከተማ ሰዎቿ አልነበሩም። አብረን ያስተማርን፣ አብረን የተማርን፣ በቀይ ሽብር አለቁ፤ የቀሩት ተበተኑ። ሄጄ ማንን ደጅ አንኳኳለሁ? አገሬን ቀንና ሌሊት ነው የማስበው፤ የምቀመጥበት ወንበር ግን እዚያ አልጠበቀኝም። ከዚያም የአሜሪካ ዜግነት ስወስድ በእኛ ሕግ ኢትዮጵያዊነቴ ቀረ፤ ሁለት ዜግነት አይፈቀድም። ኋላ ላይ ቢጫ ካርድ የሚባለው መጣ፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተብዬ ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ እሠራለሁ፣ መምረጥ ግን አልችልም። ተወላጅነቴን አውቆልኝ፣ ዜጋነቴን ግን አላወቀልኝም።

ሰናይት፦ አሁን እርስዎ የተናገሩትን ነው እኔ እሑድ ያልኩት።

ጋሼ፦ ገዳሪፍ ያየሁትንም ልንገርሽ፤ አንቺን የሚደግፍ ነው። በ1985፣ በረሃቡ ዘመን፣ ከትግራይ በእግራቸው የመጡ እጅግ ብዙ ሰዎች ሱዳን ካምፖች ውስጥ ነበሩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ተነሱ። ጦርነቱ አላበቃም፤ አውሮፕላን ይደበድባል። የእርዳታ ድርጅቶቹ ቆዩ፣ ትሞታላችሁ አሏቸው። አሥር ሺዎች ግን በእግራቸው ተመለሱ። ዝናብ ሲመጣ ማሳው ላይ መገኘት አለብን ነው ያሉት። ገበሬ ናቸው፤ አንድ ክረምት ካለፈ ዓመት አለፈ ማለት ነው። መንግሥት አልጠራቸውም፤ እንዲያውም መንግሥት ነበር የሚዋጋቸው። እኔ የተማርኩት ነኝ ባይ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ አገር ጽሑፍ ስጽፍ፣ እነሱ ዘር ተሸክመው ሄዱ። ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን አንቺ ስትናገሪ ነው የገባኝ፤ እነሱን የመለሳቸው ማሳው ነው።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። በ1991 ቆጠራ ቦስኒያ ውስጥ 5.5 በመቶው ሕዝብ፣ ወደ 240 ሺህ ሰው፣ ብሔርህ ምንድን ነው ሲባል «ዩጎዝላቭ» ብሎ አስመዘገበ። ብዙዎቹ ከተሜ፣ ብዙዎቹ እናትና አባታቸው ከተለያየ ወገን ናቸው። አገራቸው ዩጎዝላቪያ ግን ከካርታ ጠፋች። በቦስኒያ አዲስ ሕገ መንግሥት ቦስኒያክ፣ ሰርብ፣ ክሮአት የሚባሉ ሦስት «ሕገ መንግሥታዊ ሕዝቦች» አሉ፤ የቀረው ሁሉ «ሌሎች» ነው። እነዚህ ሰዎች የሚመለሱበት ቤት አላቸው፤ የሚመለሱበት ብሔር ግን የላቸውም። ከነሱ የተመለሰ አላገኘሁም፤ እዚህ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ ቀሩ። ማንም አገር አልወደዱም ሊላቸው አይችልም። ከሁሉ በላይ የወደዷት እነሱ ነበሩ።

ጋሼ፦ ልጆቹስ? የተመለሱት ልጆች የት ይማራሉ?

ሰናይት፦ እሱ ብዙ ቤተሰብ ያስቀረ ነገር ነው። በፌዴሬሽኑ ውስጥ ከ50 በላይ ትምህርት ቤቶች «ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ጣሪያ» በሚባል መንገድ ቆዩ፤ የክሮአትና የቦስኒያክ ልጆች በተለያየ በር፣ በተለያየ ፈረቃ፣ በተለያየ የታሪክ መጽሐፍ። በሰርቦቹ ክፍል ደግሞ የተመላሽ ልጅ የሰርቦቹን ሥርዓተ ትምህርት ይማራል። ኮንየቪች ፖልዬ የምትባል መንደር አለች፣ ብራቱናጽ ወረዳ ውስጥ። በ2013 ወላጆች ልጆቻችን የራሳቸውን ቋንቋና ታሪክ ይማሩ ብለው ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ፤ ሳራዬቮ ድረስ ሄደው የብርዱን ወራት በድንኳን አሳለፉ። ተመልሶ ቤቱን የሠራ ወላጅ ልጁ የጠዋቱን ትምህርት ሲያጠና የአያቱ ገዳይ ጀግና ተብሎ እንዳያነብ ይሰጋል። ጀርመን ያለው ወላጅ ይህን ሰምቶ «ልጄን ይዤ ልሂድ?» ብሎ ያስባል። እኔ ብሆን አልሄድም።

ጋሼ፦ ጀርመንስ? መልሳቸው የለም?

ሰናይት፦ ከ300 ሺህ በላይ ነበሩ። የተሰጣቸው በየጥቂት ወሩ የሚታደስ ወረቀት ነበር። ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ ውጡ ተባሉ። ብዙዎቹ ከሰርቦቹ ክፍል የመጡ ነበሩና ወደ ቤታቸው መሄድ አይችሉም፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ወርደው ተፈናቃይ ሆኑ። መዝገብ ላይ ግን ተመላሽ ናቸው። ሌሎቹ ወደ አሜሪካ አለፉ፤ እዚህ ግራቮይስ መንገድ ላይ ዳቦ ቤት የከፈቱት አንዳንዶቹ ከጀርመን የመጡ ናቸው። ስዊድን ግን በ1993 ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጠች። ወረቀቱ የጸና ሰው ሄዶ አይቶ፣ አንድ ክፍል ሠርቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ሄዶ ያያል። ለዚህ ነው ኮዛራጽን የሚሞሉት ከስዊድንና ከኦስትሪያ የሚመጡት። መቆየት የተፈቀደለት ነው ለመመለስ የሚደፍረው።

ጋሼ፦ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁሉ እንደ ታርጋው፣ እንደ ቤቱ ሕግ ቢስተካከል፣ ማንነት የሚባለው ከሂሳቡ ይወጣል ነው የምትይው?

ሰናይት፦ አልልም። የአንድ ሐኪም ታሪክ ልንገርዎት፤ የሕዝብ መዝገብ ያለው ነው። ኢሊያዝ ፒላቭ ይባላል። ስሬብሬኒጻ ተከባ በነበረችበት ጊዜ እዚያ ሐኪም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ስሬብሬኒጻ ላይ የኖረ፣ ፖለቲካ ውስጥም የገባ ቦስኒያክ ነው። በ2006 ለፕሬዚዳንታዊው ምክር ቤት ልወዳደር ብሎ ተመዘገበ፤ ተከለከለ። ሕገ መንግሥቱ የቦስኒያክና የክሮአት አባላት የሚመረጡት ከፌዴሬሽኑ ነው፣ የሰርቡ ደግሞ ከሰርብ ሪፐብሊክ ይላል። ፒላቭ ስሬብሬኒጻ ስለሚኖር፣ ቦስኒያክ ሆኖ መወዳደርም ቦስኒያኩን መምረጥም አይችልም። ወደ ፌዴሬሽኑ ቢዛወር ግን ይችላል።

ጋሼ፦ ማለት... ቤቱ በመኖሩ ምክንያት?

ሰናይት፦ ቤቱ በመኖሩ ምክንያት። በ2016 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ስትራስቡርግ ላይ መብቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደለት። ከዚያ ቀደም፣ በ2009፣ የሮማው ደርቮ ሰይዲችና አይሁዳዊው ያኮብ ፊንሲ «ሌሎች» ስለሆኑ ብቻ በመከልከላቸው ከሰው ነበር፤ ለነሱም ተፈርዷል። ሕገ መንግሥቱ ግን በዚህ በኩል እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሰውየው ሰው ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ከበባ ውስጥ ቁስለኛን አክሟል፣ ከተማው ከተጨፈጨፈ በኋላ ተመልሶ እዚያ ኖሯል፣ ስሙን አልለወጠም። አገሩ ደግሞ ቤትህን ትተህ ና፣ ያኔ ብሔርህን እቆጥርልሃለሁ ትለዋለች። እኔ እስካሁን ስደተኛውን ነበር የምመረምረው፤ ለምን አልተመለስክም እያልኩ። መጠየቅ የነበረበት የተመለሰውን ምን አደረጋችሁት ተብሎ ነው።

ሰናይት፦ ዛሬ ዩክሬናውያንን በተመለከተ ይኸው ነገር እየተደገመ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የጊዜያዊ ከለላ ሕግ ከቦስኒያና ከኮሶቮ ልምድ ተነስቶ በ2001 የወጣ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በመጋቢት 2022፣ ለዩክሬን ነው። ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ሥር ሆኗል። አሁን ማን ይመለሳል፣ ማን ይቀራል፣ ማን እውነተኛ ዩክሬናዊ ነው የሚል ክርክር አለ። የማሪዩፖልን ሴት ይውሰዱ። ከተማዋ ከ2022 ጀምሮ በሩሲያ ቁጥጥር ሥር ናት። ወደ አገሯ ትመለስ ቢሉ ሊቪቭ ወይም ኪየቭ መሄዷ ነው፤ እዚያ ቤት የላትም። ወደ ቤቷ ትመለስ ቢሉ የሩሲያ ፓስፖርት ትወስዳለች።

ጋሼ፦ ሊቪቭ ብትገባ በቆጠራው ተመላሽ ናት።

ሰናይት፦ ከጀርመን እንደተመለሱት ቦስኒያውያን።

ጋሼ፦ ማሪዩፖል ብትገባ ከሃዲ ይሏታል። ጀርመን ብትቀር ደግሞ አገሯን ረሳች ይሏታል። እኔም እስከ እሑድ ድረስ ከነሱ ጋር ነበርኩ እንጂ... ለመሆኑ ቤቷ ቆሟል?

ሰናይት፦ የማሪዩፖል አብዛኛው መኖሪያ ፎቅ ወድሟል ወይም ተጎድቷል። የቆመውንም ባለቤቱ ቀርቦ ካላስመዘገበ ባለቤት አልባ ብለው ለሌላ ያስተላልፉታል፤ ለማስመዝገብ ደግሞ የሩሲያ ፓስፖርት ይጠይቃሉ።

ጋሼ፦ «የተተወ ንብረት»። እንደ ቦስኒያው።

ሰናይት፦ እንደሱ። ቦስኒያ ውስጥ ያን ሕግ ለመሻር የውጭ ተወካይ መጥቶ ከንቲባ ማባረር ነበረበት። ማሪዩፖል ላይ ማን ያባርራል? ስለዚህ ያቺን ሴት አገርሽን ትወጃለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ካለ፣ መጀመሪያ የቤቷን ካርታ ይዞላት ይምጣ።

ጋሼ፦ ካርታውንም፣ የልጇን ትምህርት ቤትም፣ የምትመርጥበትን የድምፅ ካርድም። ሦስቱን ይዞ የመጣ ሰው ይጠይቃት፤ እኔም አብሬ እጠይቃታለሁ።